ለመንጠቆ ያሳደግኋቸው አሳዎች

ጡረታ የወጣ ሰው ቀኑን ምን ሲሠራ ይውላል ብትሉኝ፣ ምንም። ችግሩም እሱ ነው። ምንም አለመሥራት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ልምምድ ይፈልጋል። እኛን ደግሞ ማንም አላለማመደንም።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ስጠግን ነው። ያኔ ቤታችን ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ነበር። ኪራይ ነው፤ ጠባብ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ አንዳችን መውጣት አለብን። ግን ጣና ቅርብ ነው። ከሥራ ስወጣ መንጠቆዬን ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ውልቅ እላለሁ። አምባዛ ከያዝሁ እሰየው፤ ካልያዝሁ ባለቤቴ ጥሩወርቅ በር ላይ ሆና፣ "ዛሬም ውሃውን አይተኸው መጣህ?" ትለኛለች። ውሃ አይቶ መምጣት ምን ነውር አለው? እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሳው ሰበብ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ዝም ብሎ ውሃ ዳር ቢቀመጥ፣ "ምነው፣ ምን ነካው?" ይባላል። ሽማግሌ ይላክበታል። መንጠቆ ከያዘ ግን ሥራ ላይ ነው፤ ማንም አይጠይቀውም።

ጡረታ ስወጣ በማኅበር ባገኘነው ቦታ ላይ ቤት ሠርተን ከከተማው ዳር፣ ዘንዘልማ ገባን። ዘንዘልማ ምን ይወጣለታል? ግቢው ሰፊ፣ ጎረቤቱ ደግ፣ ነፋሱ ጤና። ጣና ግን የለም። ማለቴ፣ አለ፤ በባጃጅና በሚኒባስ። ተራ ይዞ፣ ተጋፍቶ፣ "ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኾ ነው የሚደረስበት። እንዲህ ተደክሞ የታየ ውሃ ደግሞ አያረካም። የመጀመሪያውን ክረምት በረንዳ ላይ ተቀምጬ የጎረቤት ቤት ሲገነባ ሳይ ከረምሁ። ብሎኬቱን በዓይኔ ቆጥሬ ጨረስሁት። ጥሩወርቅ ፊቴን አይታ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሥራ ፈልግ ወይ ታመምና እናስታምምህ" አለችኝ።

ከቤታችን ጀርባ አንድ ኩሬ ነበር። ኩሬ ያልሁት ለክብሩ ነው። ሰፈሩ እርሻ በነበረ ጊዜ ከብት ይጠጣበት ነበር አሉ። እኛ ስንደርስ ደለል ሞልቶት፣ በላዩ ላይ የግንባታ ፍርስራሽ ተደፍቶበት፣ ጭቃ ብቻ ሆኖ ነው ያገኘነው። በጋ ከክረምት የማይደርቅ ጭቃ። እኔ ደግሞ ጠጋኝ አይደለሁ? የተበላሸ ነገር ሳይ እጄን ያሳክከኛል። የማይደርቅ ጭቃ ከሥሩ ምንጭ አለው ብዬ ገመትሁና ለእድራችን ነገርሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አካፋና ዶማ ይዘን መውጣት ጀመርን።

ከዚያ ጭቃ ውስጥ ያልወጣ ነገር የለም። የባጃጅ ጎማ ወጣ። ጓደኛው የጠፋበት ቡት ጫማ ወጣ። ጠፋ ተብሎ አንዱ ጎረቤታችን ለብዙ ጊዜ የታማበት ዶማ ሳይቀር ወጣ፤ እዚያው ጭቃው ላይ ቆመን ይቅር ተባባልን። በመጨረሻ ከሥሩ ውሃ ተንቆረቆረ። ክረምቱ ሲጨመርበት፣ ግንቦት ላይ ጭቃ የነበረው ነሐሴ ላይ ኩሬ ሆነ። ቀለሙ አተላ ቢመስልም ውሃ ነው። ዳሩን በድንጋይ ካብነው። እኔም አንድ አግዳሚ ወንበር ሠርቼ ኩሬው ዳር ካለች ዛፍ ሥር አቆምሁ። ለማን? ለኔ ነዋ።

እዚህ ላይ ስለ አምባዛ ትንሽ ላውራችሁ። አምባዛ ጢማም አሳ ነው፤ ጠባዩም የባለጢም ነው። ትንሹ አምባዛ ትል ካገኘ ይጎርሳል። ትልቁ ግን ትል ብታቀርቡለት ዞር ብሎም አያይ። እሱ የሚወደው ነፍስ ያላት፣ የምትወራጭ፣ ጣት የምታክል አሳ ነው። እንዲህ ያለችው አሳ ደግሞ ሲፈልጓት አትገኝም፤ ሳይፈልጓት እግር ትኮረኩራለች። ስለዚህ አሰብሁ። ትንንሾቹን ኩሬው ውስጥ ባረባቸውስ? ቅዳሜ ጠዋት ጥቂቶቹን ጨልፌ፣ በባልዲ ይዤ ወደ ጣና መውረድ ነው። ዶሮ የሚያረባ ሰው የለም? እኔ ደግሞ የአምባዛ ምሳ ላረባ።

ታዲያ በምን ልያዛቸው? መረብ የሚባለው ሁሉ ዓይኑ ሰፊ ነው፤ ሾልከው ይሄዳሉ። ቤት ውስጥ ስፈትሽ የተቀደደ አጎበር አገኘሁ። ጥሩወርቅ ምን ልታደርገው ነው አለችኝ። አሳ ልይዝበት አልኋት። አሳው ምን ያደርጋል አለችኝ። ሌላው ቢቀር የትንኝ እጭ ይበላል አልሁ። ትንሽ አሰበችና፣ ትንኝ የሚከለክለውን አጎበር ወስዶ ትንኝ የሚበላ አሳ የሚያመጣ ባል ያላት ሴት በባሕር ዳር እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም አለች።

ጣና ዳር ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ፤ ያዝሁ፤ አፉን አስፍቼ በቆረጥሁት ቢጫ ጀሪካን ሞላሁ። ባጃጅ ስሳፈር ነጂው አንገቱን አስግጎ አየ። "ጋሼ፣ ይኼ ለአንድ ጉርሻም አይበቃ፤ ወይስ ዘር ነው?" አለኝ። አዎ፣ ዘር ነው አልሁት። ከዚያ በኋላ አነዳዱን ብታዩት! ጉድጓድ ባየ ቁጥር ቆም፣ ቀስ፤ ነፍሰ ጡር የጫነ ነው የሚመስለው። እኔ ጀሪካኑን አቅፌያለሁ። ውሃው ጉልበቴ ላይ እየፈሰሰ ዘንዘልማ ደረስን።

ኩሬው ዳር ስደርስ ዝም ብዬ አልደፋኋቸውም። ጀሪካኑን ውሃው ውስጥ አስቀምጬ፣ የኩሬውን ውሃ በጣሳ ቀስ በቀስ እየጨመርሁ አለማመድኋቸው። ከዚያ ለቀቅኋቸው። ገቡ። ጭቃማው ውሃ ዋጣቸው። ያን ቀን ማታ ራቴን በደስታ በላሁ።

በማግሥቱ ሁሉም በጀርባቸው ተንሳፍፈዋል።

ማን ገደላቸው? ደግነት። ከኩሬው ማዶ ወይዘሮ አስካለ የምትባል ጎረቤት አለችን። ደግ ናት፤ ደግነቷ ግን ሳይጠሩት ነው የሚመጣ። ሰው ኩሬው ዳር ሲንቀሳቀስ አልቅት እንዳይዘው ብላ፣ የብርብራ ፍሬ ወቅጣ በትናበት ኖሯል። ብርብራ! ጣና ዳር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የድሮ አጥማጆች አሳ የሚያደነዝዙት በብርብራ ነው። "አሳ እንደሚገባበት በምን ልወቅ ጋሼ ምትኩ? ለእናንተው እግር ብዬ እኮ ነው" አለችና እንባዋ መጣ። ምን ይባላል? ሟቾቹ የኔ፣ አጽናኙም እኔ ሆንሁ። አልቅቱስ ሞተ ወይ? መጀመሪያም መኖሩን ያየ ሰው አልነበረም።

ምንጩ ቀስ እያለ ውሃውን እስኪያጥበው ጠበቅሁና እንደገና ወረድሁ። ያው ባጃጅ፣ ያው ነጂ። "ጋሼ፣ የበፊቱ ዘር አልበቀለም?" አለኝ።

እነዚህኞቹ ኖሩ። የተባዙም መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት የተረፈ እንጀራ ፈርፍሬ ስጥልላቸው ውሃው እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ትንሽ ይበርክቱ፣ ከጥምቀት በኋላ መጨለፍ እጀምራለሁ ብዬ አልነካኋቸውም። ወንበሬ ላይ ቁጭ እላለሁ። የኔታ ብርሃኑ መሬቱን በከዘራቸው እየወጉ ይመጣሉ። የኔታ ዕድሜያቸውን በጣና ደሴቶች ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው፤ ጉልበታቸው ሲደክም ነው ከልጃቸው ጋር ዘንዘልማ የገቡት። አጠገቤ ይቀመጡና ሁለታችንም ዝም እንላለን። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ወሬ አውርቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ዝምታውን ሰበሩት። በተማሪነታቸው ጊዜ መምህራቸው ውሃ ልብ ይሰርቃል እያሉ ተማሪውን ሁሉ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ እንዲቀመጥ ያደርጉ ነበር አሉ። እሳቸው ግን ከኋላ ሆነው እየተደበቁ ውሃውን እያዩ ነው የተማሩት። "ጓደኞቼ ዜማውን ረሱት። እኔ ግን እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ነው መርሳት የጀመርሁት። አሁን ደግሞ እየተመለሰልኝ ነው፤ ይችን እያየሁ" አሉና በከዘራቸው ኩሬዋን አሳዩኝ። እኔ ወንበሩ ላይ ጠጋ አልሁላቸው።

አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ? የኔ ዘንዶ በኅዳር መጣ፤ ትንኝ ሆኖ። ሰፈሩ በወባ ታመመ። የአስካለ የልጅ ልጅ ሲንቀጠቀጥ ሰነበተ። እግዜር ይመስገን ልጁ ዳነ፤ የአስካለ ንዴት ግን አልዳነም። ኩሬው ይደፈን አለች። እድሩ ተሰበሰበ። ይደፈን ባዮቹ መኪናም አዘጋጅተዋል፤ ፍርስራሽ የሚጥልበት ያጣ አንድ ገንቢ በነጻ እሞላላችኋለሁ ብሏል። በነጻ ከሚል ቃል ጋር የሚከራከር እድር የት አለ?

ተነሣሁ። አሳዎቹ የትንኝ እጭ እንደሚበሉ አስረዳሁ። አስካለ ከኋላ ብድግ ብላ፣ "ታዲያ የልጅ ልጄን የነከሰችው አሳዎቹ ጠግበው የተዉዋት ናት?" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከተሳቀባችሁ በኋላ ስብሰባ አይረታም። ደግሞስ እውነቷን አይደል? ከታመመ ሕፃን ጎን የኔ መንጠቆ ምን ይመዝናል? ያም ሆኖ ፈራሁ። ኩሬው ከተደፈነ የሚጠብቀኝ በረንዳው ነው። ጥግ ላይ የተቀመጡትን የኔታን አየሁ። ከዘራቸውን አቀርቅረው ያያሉ። እሳቸውም ፈርተዋል።

እሳቸውን ሳይ ነው አፌ የተከፈተ። ባለፈው ጥምቀት የሰፈራችን ታቦት ውሃ ፍለጋ ያን ሁሉ አቧራ አቋርጦ ሲሄድ፣ የኔታ መንገድ ላይ ጉልበታቸው ከድቷቸው በሰው ትከሻ ነበር የደረሱት። "እኔ የምለው፣" አልሁ፣ "ታቦታችን በየዓመቱ ሰው ሰፈር ድረስ የሚንከራተተው፣ ደጃችን ላይ ውሃ እያለን ነው?"

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ እልልታ ቀለጠ። ማን ጀመረችው? አስካለ! ታቦት ደጇ ሲያድር የማትወድ ሴት ትገኛለች እንዴ? መኪናውም፣ ፍርስራሹም፣ በነጻ የሚለውም ቃል በዚያች እልልታ ተሻረ። የኔታ ቀና ብለው፣ ውሃው ይጥራ እንጂ የደብሩን አስተዳዳሪ እኔ አነጋግራለሁ አሉ። አነጋገሩ፤ ተፈቀደ። እኔ በብልሃቴ ኮርቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። "አየሽ ጭንቅላት?" አልኋት ጥሩወርቅን። "አየሁ፤ እስቲ መጨረሻውን ደግሞ ልየው" አለች።

አስካለ ሰፈሩን አላስተኛ አለች። ሣሩና ቄጠማው ታጨደ። ዳር ዳሩን የተኛው ውሃ መፍሰሻ ተበጀለት። ጭቃው በጠጠር ተሸፈነ። አተላ ይመስል የነበረው ውሃ ረግቶ ሰማይ የሚታይበት ሆነ። ትንኙም ቀለለ። እኔ በአሳዎቹ ነው አልሁ። አስካለ በታቦቱ ነው አለች፤ ታቦቱ ገና ሳይመጣ። የኔታ ግን፣ "ለማጭዱም ትንሽ ምስጋና ተዉለት" አሉ።

ጥምቀት ደረሰ። ኩሬው በዘንባባ ተከበበ፤ ድንኳን ተተከለ። የኔታ በዚያ ዓመት ማንም ሳይደግፋቸው፣ ጸናጽላቸውን ይዘው፣ በገዛ እግራቸው መጡ። ሲያዜሙ ሰማኋቸው። አንድም ቃል አልረሱም። ያን ጊዜ እንኳን አሳ፣ ቤቴን ስጥ ብባል እሰጥ ነበር።

ጸሎቱ ደረሰ፤ ውሃው ተባረከ፤ ርጭቱ ተጀመረ። ቄሱ ጎንበስ እያሉ በሳህን እየጨለፉ ይረጫሉ፤ ሕዝቡ ይጋፋል። የኔ አሳዎች ምን ያውቃሉ? ውሃው ዳር ጎንበስ ያለ ሰው ሁሉ እንጀራ የሚያመጣ ይመስላቸዋል። ግር ብለው መጡ። አንዷ ከውሃው ጋር ተጨለፈችና ከሰው በላይ በረረች። የት ብታርፍ ጥሩ ነው? አስካለ ጠበል ልትቀበል ከፍ አድርጋ በያዘችው ጆግ ውስጥ።

አስካለ ጆጉን አወረደች፤ አየች። ውስጡ አሳ ይዋኛል። "ኧረ ተመልከቱልኝ! ኧረ ጉድ ነው!" አለች። እልልታው እንደገና ተነሣ። ጆጉ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ታየ፤ ተሳመ። አሳዋም በክብር ወደ ኩሬዋ ተመለሰች። እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብሁ። ለምን እንደማጨበጭብ አልገባኝም ነበር።

የገባኝ በቅዳሜው ነው። አጎበሬንና ባልዲዬን ይዤ ወደ ኩሬው ብወርድ አስካለ ወንበሬ ላይ ተቀምጣለች።

"እንደምን አደሩ ጋሼ ምትኩ? ወዴት ነው በማለዳ?"

"ጥቂት አሳ ልጨልፍ ነበር፤ ለመንጠቆ።"

"የትኞቹን አሳዎች?"

"እነዚህን ነዋ።"

"እነዚህንማ አይሆንም። ክርስትና ተነሥተዋል።"

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። "ከጣና ማን አመጣቸው?" አለችኝ። እኔ ነኝ አልሁ። "ታቦቱ እዚህ ይውረድ ያለው ማን ነው?" እሱም እኔ ነኝ አልሁ። "እንግዲያ የክርስትና አባታቸው እርስዎ ነዎት። የክርስትና ልጁን መንጠቆ ላይ የሚሰካ ሰው እኔ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።"

ፋብሪካ ውስጥ ብዙ አለቃ ገጥሞኛል፤ እንደ አስካለ ያለ ግን አልገጠመኝም። ባልዲዬን አንጠልጥዬ የኔታ ዘንድ ሄድሁ። ነገሩን ስነግራቸው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሳቃቸው ሲያልፍላቸው፣ "አሳ ምን ኃጢአት ኖሮበት ይጠመቃል?" አሉ። "ሥርዓቱ አይከለክልህም ልጄ። ወይዘሮ አስካለ ግን ትከለክልሃለች።" እንግዲያው ይንገሩልኝ አልኋቸው። "እኔ? የታመመው ጉልበቴ ብቻ ነው፤ ጆሮዬን ደግሞ አታሳምመኝ" አሉ።

ቤት ስገባ ጥሩወርቅ ባዶውን ባልዲ አየችና፣ "አሁን መጨረሻውን አየሁት" አለች።

አሳዎቹ ዛሬ የሰፈሩ ናቸው። አላፊ አግዳሚው ዳቦ ይቆርስላቸዋል። አስካለ ብርብራ በወቀጠችበት ሙቀጫ በሶ ወቅጣ ትበትንላቸዋለች፤ ሙቀጫውን በደንብ አጥባዋለች፣ ቆሜ አይቻለሁ። ከመወፈራቸው የተነሣ መንጠቆ ላይ ቢሰኩ እንኳ አምባዛው ራሱ የሚሸሻቸው ይመስለኛል። ኩሬውን ይደፈን የሚል ሰው ግን የለም፤ ካለም ጠቡ ከአስካለ ጋር ነው። ጠዋት ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፤ የኔታ ይመጣሉ፤ ውሃውን እናያለን። መንጠቆ አልያዝሁም፤ ሆኖም ምን ነካው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የክርስትና ልጆቹን እየጠበቀ ነው ይባላል። ምንም አለመሥራትን እንዲህ አድርጌ ተማርሁት። ደስ ይለኛል። ከልቤ ደስ ይለኛል።

አሳን መብላት በብልሃት ይላሉ አባቶች። እኔማ ብልሃቴ ነው አሳውን ከአፌ የነጠቀኝ። ቢሆንም ጣናን ጨርሼ አልተውሁትም። አንዳንድ ቅዳሜ በባጃጅ እሄዳለሁ፤ መንጠቆዬ ላይ ትል አደርጋለሁ፤ ትልልቁ አምባዛ ይንቀኛል፤ ትንንሾቹ ይበቁኛል። ትሉን ከየት ትቆፍራለህ ብትሉኝ፣ ከኩሬው ዳር ነው፤ አፈሩ ለስላሳ ነው። የጥምቀት ዕለት ቄሱ ጠበሉን ሲረጩ አብዛኛው የፈሰሰው እዚያው አፈር ላይ ነበር። አደራችሁን፣ ይቺን ለአስካለ እንዳትነግሩብኝ።